ሦስተኛው ሣጥን

ቢሯችን ምድር ቤት ነው፣ ከጫማ መደብር ሥር፤
ከላይ ኮቴ ሲንኳኳ፣ ከታች ስልክ ሲጣራ ነበር።
ጥቅምት ነው፣ ትሯ-ሪቪዬር። ወንዙ ጉሙን ተከናንቧል፤
ኬቤክ ትገንጠል ወይስ ትቆይ? ሰው ሁሉ በዚህ ተጠምዷል።
እኔ ግን ጠያቂ እንጂ መላሽ አይደለሁም፤
በሰዓት የሚከፈለኝ ለጆሮዬ ነው፣ ለአፌ አይደለም።

ወረቀቴ ላይ ሦስት ሣጥን፦
«አዎ»፣ «አይ»፣ «አልወሰንኩም»፤
ከነዚህ የወጣ መልስ ማደሪያ የለውም።

«እንደ ተጻፈው አንብቢ» ይላል ኃላፊዬ፣
ሙሴ ላፍላም፣ ቆሞ ከኋላዬ፤
«ቃል አትጨምሪ፣ ቃል አትቀንሺ፤
ቢያለቅሱ አታባብዪ፣ ቢሳደቡ አትሽሺ።»
ጥያቄው ረጅም ነው፣ ልክ እንደ ወንዛችን፤
ግማሹ ላይ ሲደርስ ይዝላል ትንፋሻችን።

የሳግኔው ሰውዬ ገና ሳልጨርስ «አዎ!» ይላል፤
«አዎ! አዎ! ሦስቴ ጻፊው!» አንዴ ብቻ ነው የሚቻል።
«አይ» አለች አንዲት መምህርት፣ በሹክሹክታ፣ ከሸርብሩክ፤
ባሏ በረንዳው ላይ ባንዲራውን ሲሰቅል በልክ።
«የትኛው እየመራ ነው? እሱ ጋ ጻፊኝ» አንዱ አለ፤
ነፋስ ጠይቆ የሚዘራ፣ በየአገሩ አለ።

ድምፅ ነው የምቆጥረው፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፤
ሳል ያቋረጠው ድምፅ፣ እንቅልፍ ያጣ ድምፅ፣
ከጀርባው ሕፃን የሚያለቅስበት ድምፅ፣
በእርሳስ ሲሰፈር ግን ሁሉም ያው አንድ ጭረት።

ማክሰኞ ነው፤ ፈረቃዬ ሊያበቃ ሩብ ሲቀረው፣
ሪሙስኪ ደወልኩ፤ አንድ አዛውንት አነሣው።
ፊሌሞን ቲቦዶ። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ።
ስልክ የሚያነሣ ሌላ ሰው የለም በቤቱ።
አነበብኩለት። ዝም አለ። ወረቀቴን ገለበጥኩ።
«መልሰሽ አንብቢው» አለ። መልሼ አነበብኩ።
ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ ያም ከደንቡ ውጭ ነበር።
«ጊሌን» አለ፣ ደገመው፣ አዲስ ቃል እንደሚማር።
«ጊሌን፣ ድንቹን እኮ ትናንት አውጥቻለሁ፤
ዝናብ መትቶት ግማሹ ሻግቷል፤ ጓዳ ውስጥ አስጥቻለሁ።
ሊዮንቲን ብትኖር፣ እሷ ነበረች የምትለይ፣
በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ፦ ይሄ አዎ፣ ይሄ አይ።»

«ሙሴ ቲቦዶ፣ አዎ ልጻፍ ወይስ አይ?» አልኩ እንደ ደንቡ።
«ጠዋት አዎ ነኝ፣ ማታ አይ። እንዲህ ያደርገኛል ዝናቡ።
አንቺስ ልጄ፣ የቱ ጋ ነሽ?» ኃላፊዬ ከኋላዬ፤
መልሱ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰነቀረ ከጉሮሮዬ።
«አይፈቀድልኝም» አልኩት። «ይገባኛል» አለ፣ «ይገባኛል፤
ግን ለመጠየቅ ብቻ የሚደውል ሰው ያሳዝነኛል።»

ሦስተኛውን ሣጥን ጫርኩ፦ አልወሰነም።
ስለ ድንቹ፣ ስለ ሊዮንቲን፣ የሚጻፍበት መስመር የለም።

ቅዳሜ ጋዜጣው ወጣ፤ ሁለት ዓምድ፣ እንደ መንታ ልጆች፤
በመሃላቸው ቀጭን ግራጫ፣ ያልወሰኑት ሰዎች።
አዋቂዎቹ በቴሌቪዥን ግራጫውን ተካፈሉት፤
ፊሌሞንን እንደ ዳቦ ባራት ቆርሰው፣
ሦስቱን ቁራሽ ለአይ፣ አንዱን ለአዎ አደሉት።
ግርጌ ላይ በደቂቅ ፊደል፦
«የስሕተት ወሰን፣ ሲደመር ሲቀነስ ሦስት»።
ሀገሬ ሙሉዋን ተኝታለች፣ በዚያች ስሕተት።

ሰኞ እኔም ተሰለፍኩ። የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የላብና የቀለም ሽታ፤
በክር የታሰረ እርሳስ፣ የካርቶን ከለላ፣
አንድ ወረቀት፣ ሁለት ቦታ።
ሁለት! ያን ሁሉ ሰው ያሳደርኩበት፣
ሦስተኛው ሣጥን የት ገባ? ማን ወሰደው፣ በየት?
ለእኔ ማንም አልደወለም፤ ማንም አልጠየቀኝም፤
ራሴን ጠይቄ አላውቅም።
ከኋላዬ ሰው ይስላል፤ ጨብጫለሁ እርሳሱን።
ጠዋት አዎ፣ ማታ አይ።
ሰዓቴን አየሁ። እኩለ ቀን።